ነብሩ ወደ ገመዱ ይመለስልኝ

ቀን፦ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋራ ሕንፃዎች ገጽታ ክትትል ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ወ/ሮ ሮዳስ ፈየራ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ

አመልካች፦ መገርሳ ጂራታ፣ በጡረታ የተገለልኩ የፋብሪካ መጋዘን ጸሐፊ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ቤቷን የምታውቅበት የልብስ ማስጫ ገመድ ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክብርት ኃላፊ ሆይ፣

1. ከሁሉ አስቀድሜ ጽሕፈት ቤትዎ ለቀና አጥር፣ ለተቀባ ግድግዳና ለተሰወረ ቱቦ ለሚያካሂደው ያልተቋረጠ ትግል አድናቆቴን አቀርባለሁ። ከብሎካችን ፊት ለፊት የነበረው የልብስ ማስጫ ገመድ ከተቆረጠ ወዲህ የሕንፃው ገጽታ በእርግጥም አምሯል፤ አይቻለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው። ችግሩ፣ ባለቤቴ ወይዘሮ አሰፋች ፀሐዩ ይህን ያማረ ሕንፃ ከሌሎቹ ካማሩ ሕንፃዎች መለየት አለመቻሏ ነው። የመርሳት ሕመም ይዟታል። ወጥታ ስትመለስ ቤቷን የምታውቀው የብሎክ ቁጥር አንብባ ሳይሆን ገመዱ ላይ የተሰጣውን የገዛ ልብሷን አይታ ነበር። ገመድ ከሌለ ቤት የለም፤ ቤት ከሌለ አሰፋች አትመለስም። አቤቱታዬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ነው፤ ጊዜ ካጠረዎት እዚህ ላይ ፈቅደው ማቆም ይችላሉ።

2. በግንቦት ወር ያስገባሁት የመጀመሪያው ማመልከቻ ስለ ቁጠባ ብቻ የሚያወራ ነበር። ስለ ሕመሟ አንድም ቃል አልነበረበትም። ምክንያት ነበረኝ። የሕንፃችን ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ተክሌ ግልጽነትን ከልባቸው ስለሚወዱ፣ ከነዋሪ የሚወጣ ማመልከቻና የሚመጣለት መልስ ሁሉ ደረጃው ሥር ካለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የማን ቱቦ እንደሚያፈስ፣ የማን ልጅ ግድግዳ ላይ ኳስ እንደሚመታ፣ የማን ቤት እንግዳ እንደሚበዛበት የምናውቀው ከዚያ ነው። የአሰፋች አእምሮ ከሦስተኛ ፎቅ ፍሳሽ ጎን ተለጥፎ እንዲነበብ ልቤ አልፈቀደም። ስለዚህ ስስታም ሆኜ ቀረብኩ። ስስታም ሽማግሌ ማንንም አያስደንቅም፤ እንዲያውም ሰው የሚጠብቀው ነው። «ጋሽ መገርሳ ለጠብታ ውሃ ደብዳቤ ጻፉ» ተብሎ ተሳቀ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ይህኛውንም ከፈለጉ ይለጥፉት። ከእንግዲህ ደብቄ የማተርፈው የለኝም።

3. ያም ሆኖ ስለ ቁጠባው የጻፍኩት ውሸት አልነበረም። አሰፋች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ልብስ አጠባን ከእናቷ የተማረችው ጥቀርሻ በማይጠፋበት ቤት ነው። በእኛ ቤት አንድ ሳፋ ውሃ እንደ መንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን አለው። መጀመሪያ በነጭ ልብስ ላይ በክብር ይሾማል። ከነጭ ወደ ባለቀለም ይዛወራል። ከባለቀለም ወደ ካልሲ ዝቅ ይደረጋል፤ ያኔ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ ወለል ይወለውላል፤ በመጨረሻም በሽንት ቤት በኩል ያለ ሽኝት ጡረታ ይወጣል። የእኔም ሽኝት ከዚያ ብዙ የሚሻል አልነበረም።

ሳሙና አልቆ ጣት ቢያክል አይጣልም፤ ቁርጥራጩ ባሮጌ ካልሲ ውስጥ ይጠራቀምና ካልሲው ራሱ ሳሙና ይሆናል። ልብስ ሲሰጣ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ከበላች ውስጡን ትብላ፣ መልኩን አትንካ ነው ነገሩ። ካውያ አንሰካም። ሱሪዬ ከፍራሹ ሥር ይዘረጋና እንተኛበታለን፤ ጠዋት የሱሪዬ መስመር ከአቶ ተክሌ አጥር ይልቅ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ማድረቂያን በተመለከተ፣ ፀሐይና ነፋስ ቆጣሪ የላቸውም፤ የሚያነብባቸውም ሰው እስካሁን አልተቀጠረም። ለዚህ ሁሉ አሠራር የሚያስፈልገን መሣሪያ አንድ ገመድ ብቻ ነበር።

4. ሕመሟንም ያወቅኩት በዚያው ሳፋ ነው። አንድ ቀን አሰፋች ካልሲዎቹን አጥባ ስታበቃ ነጭ ነጠላዋን እዚያው ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ሰው ቢያየው ስህተት ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ግን አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ሆኖ የማያውቅ ነገር ስለነበር ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ነጠላው አመድ መስሎ ወጣ። ወደ ብርሃን ዘርግታ አየችውና «ደመናማ ነው ዛሬ» አለች። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። እኔም «አዎ፣ ደመና ነው» አልኳት። ልጅ አልሰጠንም፤ ስለዚህ ሌላ የሚያርማት አልነበረም።

5. የገመዱን ሌላ ሥራ የተረዳሁት ደግሞ በአንድ ዝናባማ ቀን ነው። አሰፋች ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ፣ ስትመለስ ከጉሊት ቲማቲም ይዛ መምጣት ልማዷ ነው። በዚያ ቀን ሰማዩ ሲከብድ እኔ ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ልብሱን ሰብስቤ አስገባሁ። ከልብሱ መካከል ባለ ነብሩ ብርድ ልብሳችን ነበር። ከሳሪስ የገዛነው ነው፤ ነብሩ አፉን ከፍቶ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ታጠበም አልታጠበም አሰፋች በየጠዋቱ «አየር ይምታው» እያለች ታወጣዋለች። እንግዲህ በዚያ ቀን ነብሩ ገባ፤ አሰፋች ቀረች።

ያገኛት ከኋላችን ባለው ብሎክ ምድር ቤት የሚኖር አብርሽ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። ያ ብሎክ የእኛው ግልባጭ ነው፤ መግቢያው፣ የበሩ ቀለም፣ ሌላው ቀርቶ መግቢያው ላይ የተሰበረችው ንጣፍ እንኳ በዚያው ቦታ ተሰብራለች። አሰፋች በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው፣ ገባች፣ የልብስ ክምር አየች፣ ማጠብ ጀመረች። አብርሽ ሱቅ ደርሶ ሲመለስ አንዲት እናት የእሱን ጂንስ ሳፋ ውስጥ ሲያሹ አገኘ። «እማማ፣ ማን ላከዎት?» አላት። እሷም ቀና ሳትል «ጫማህን አውልቀህ ግባ፣ አሁን ነው የወለወልኩት!» አለችው። ልጁ ጫማውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ሲነግረኝ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የተቆጣኝ ሰው የለም፤ እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው» አለኝ። በየቀኑ ከነብሩ ሥር ስለሚያያት ቤቷን ያውቅ ነበር። የሚንጠባጠበውን ጂንስ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እሷን በክንዷ ይዞ አመጣልኝ። «ሂሳብ ስንት ነው ጋሼ?» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

አሰፋች ግን በራችን ላይ ቆማ በቁጣ ታየኝ ነበር። «ነብሩን ለምን አስገባኸው? ታዲያ በምን ልወቅ?» አለችኝ።

6. ከዚያ ወዲያ ነብሩ ዝናብም ቢሆን፣ በረዶም ቢሆን አልገባም። ጎረቤትም ፌዙን አልነፈገኝም። አቶ ተክሌ «አቶ መገርሳ፣ ማለቅለቁንም ለሰማይ ሰጡት? ቁጠባ እኮ ልክ አለው!» አሉ። ከላያችን የምትኖረው ሌንሳ ደግሞ በመስኮት ብቅ ብላ «ጋሽዬ፣ ነብሩ ጉንፋን ይዞት አስነጥሶ እንዳያስደነግጠን!» ትለኛለች። «የዝናብ ውሃ ልብስ ያለሰልሳል» ብዬ እመልሳለሁ። ይህን ስናገር ራሴም ልለሰልስ ምንም አይቀረኝም ነበር።

ለምን አትከተላትም ይሉ ይሆናል። ተከትያታለሁ። እንደ ሰላይ ከግንብ ግንብ እየተጠጋሁ ተከተልኳት። አንድ ቀን ዞር ብላ አየችኝና መንገድ መሃል «ምን ይከተለኛል ይሄ ሰውዬ? እኔ ባል አለኝ!» ብላ ጮኸች። ጨዋ ሰው የማይጠፋበት ሰፈር ነውና ሁለት ጎረምሶች ወዲያው ኮሌታዬን ያዙ። ሌንሳ በዚያ ባታልፍና «ኧረ ልቀቋቸው፣ ባሏ እሳቸው ናቸው!» ባትል ኖሮ የገዛ ሚስቴን በማስቸገር ወንጀል ጣቢያ እገባ ነበር። ሌንሳ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ነብሩ መቀለድ አቆመች። ያ ደግሞ ከቀልዱ ይልቅ ከበደኝ። ብቻ ከዚያ ወዲህ አሰፋችን ለነብሩ ተውኳት። ትወጣለች፣ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ነብሩን ታያለች፣ ትመጣለች። አንድም ቀን አልሳተችውም።

7. በሚያዝያ ወር እንግዶች ሕንፃዎቹን ሊጎበኙ ነው ተባለና ከመንገድ የሚታይ ገመድ ሁሉ እንዲነሳ ከጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ ወጣ። ሁለት ወጣቶች ፒንሳ ይዘው መጡ። ጨዋ ልጆች ነበሩ፤ አንደኛው «አባባ፣ እኛ ታዘን ነው፣ አይቀየሙን» አለኝ። አሰፋች ልብስ ሊያስገቡላት የመጡ መሰላት። ደስ አላት። ነብሩን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው፤ በሌላኛው እጇ ደግሞ የገመዱ ጫፍ ጭቃ እንዳይነካ ያዘችላቸው። ሲቆርጡት እሷ ይዛላቸው ነበር። ሲያበቁ «ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ ልጆቼ፣ ብቻዬን አልችለውም ነበር» ብላ መረቀቻቸው። ልጁ «አሜን» አለና ወደ መሬት አቀረቀረ። እንግዶቹ በዚያን ቀን በሌላኛው መንገድ አልፈው ሄዱ ይባላል።

8. በዚያው ሳምንት ውሃ መጣ ተባለና ጀሪካን ይዤ ወረፋ ወጣሁ። አሰፋች ያጠበችውን ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ገመድ የለም። እርጥቡን ልብስ በፌስታል አድርጋ ገመዷን ፍለጋ ሄደች።

ከብሎክ ብሎክ ዞርኩ። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ምን ለብሳለች?» ይለኛል። እኔ እንጃ፤ የማውቀው ምን እንደተሸከመች ነው። ታክሲ መያዣው ጋ ስደርስ አንድ ረዳት ሳልጨርስለት «ወንበሬን ያራሱት እናት! ቃሊቲ አውርደናቸዋል» አለኝ። «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እያለ ሲጣራ እሷን የጠራ መስሏት ነው የገባችው። በዚያችው ሚኒባስ ሄድኩ፤ እርጥቡ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ያገኘኋት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ነው። እዚያ አካባቢ ስንት ሰው ለታሰረበት ንጹሕ ልብስ በፌስታል ይዞ ይሰለፋል። አሰፋችም ልብስ የያዙ ሴቶች አየችና ከኋላቸው ቆመች፤ እዚያ ሰልፍ ላይ ልብስ የያዘችን ሴት ከየት መጣሽ የሚላት የለም። ውሃው ሲንጠባጠብ ያየችው ለጠያቂዎች ብስኩትና ሳሙና የምትሸጥ ፀሐይቱ የምትባል ነጋዴ ናት። «እናቴ፣ እርጥብ ልብስ ይዘው ማንን ሊጠይቁ ነው?» አለቻት።

«ባለቤቴን።»

«ምን አድርጎ ታሰረ?»

«ምንም አላደረገም። ቤቱ ጠፍቶበት ነው።»

ፀሐይቱ ይህን እየሳቀች ጀመረችልኝና ሳትስቅ ጨረሰችልኝ። አሰፋችን ጥላ ሥር አስቀምጣት፣ ልብሱን ኪዮስኩ ላይ በተወጠረው ሲባጎ ከሚሸጡት ነጠላ ጫማዎች ጎን እንድታሰጣ ፈቅዳላት ነበር። ሸሚዜን አንድ ጠያቂ ዋጋ ጠይቆበታል አሉ። እኔም በሕይወት ዘመኔ ተፈላጊ ልብስ መልበሴን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። አሰፋች ከሸሚዙ ሥር ተረጋግታ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ተፈታህ?» አለችኝ።

«ተፈታሁ» አልኳት።

ስልክ ቁጥሬ በቀሚሷ ጠርዝ ላይ ተጽፎ እንደነበር እገልጻለሁ፤ ቸልተኛ አይደለሁም። የእስክሪብቶው ሻጭ «ይሄ ቀለም አይለቅም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። አሰፋች እጅ ገብቶ የማይለቅ ነገር እንደሌለ ሻጩ ከየት ያውቃል?

9. ከዚያ በኋላ ለአቶ ተክሌ ብቻ በጆሯቸው እውነቱን ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደነገጡ፤ አልለጠፉትምም። ከልባቸው አዝነው «ታዲያ ቆልፈውባት ይውጡ እንጂ!» አሉኝ። ክብርት ኃላፊ፣ እዚህ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰው የሚቆለፍበት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ እንኳ የሚቆለፈው ዳኛ አይቶት ነው። አሰፋች ያጠፋችው ነገር ቢኖር ነጠላ በካልሲ ውሃ መክተቷ ነው፤ እሱንም እኔ ይቅር ብያለሁ።

በሰኔ ወር ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ መልስም ሁለት ምክር ይዞ ነበር። አንደኛው የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንድገዛ ነው። ማሽን ውሃ የሚጠጣው ሲያሰኘው ነው፤ ውሃችን የሚመጣው ሲያሰኘው ነው፤ የሁለቱ ፈቃድ አንድ ቀን ቢገጣጠም እንኳ መብራት በመሃል ገብቶ ያፋታቸዋል። ሁለተኛው ልብሳችንን ለላውንደሪ እንድንሰጥ ነው። ይህን፣ አቅማችን ባይሆንም፣ ምክር አልናቅኩም ለማለት አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ልብሱ ተተኩሶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሽቶ ተቀብቶ እንደ ሙሽራ መጣ። አሰፋች አሸተተችው። «የማን ነው?» አለች። «የእኛ ነው» ብላት አላመነችም፤ «የሰው ልብስ ቤቴ አታስገባ፣ ሂድ ለባለቤቱ መልስ!» ብላ አስወጣችኝ። የገዛ ሸሚዜን አቅፌ የገዛ በሬ ላይ ቆምኩ። ማነው እንዲመለስለት የተባለው ባለቤት እያልኩ ቆየሁ።

10. አሁን ስላለንበት ሁኔታ።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ኮንክሪት ነው፤ ምስማር ይጥላል እንጂ አይቀበልም። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት አሰፋች እርጥብ ነጠላዋን ይዛ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትመላለስ ጀመር። «ገመዱስ? ገመዱን ማን ወሰደው?» ትላለች። ውሃው እጇ ላይ ይወርዳል። ወንበር አሳየኋት፤ ወንበር ገመድ አይደለም። የአልጋውን ራስጌ አሳየኋት፤ ተቆጣች። ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከክፍሉ መሃል ቆሜ ሁለት ክንዶቼን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ።

አልገረማትም። ነጠላውን አራገፈችና ቀኝ ክንዴ ላይ አሰጣችው። ሸሚዜን ገልብጣ በግራው አሰጣች። መቆንጠጫ አመጣችና ከእጅጌዬ ጋር አያያዘችው። ከዚያ ጥቂት ወደኋላ ብላ አይታ «ይሄ ገመድ ረግቧል» አለችና ክርኔን ከፍ አደረገችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመድ ነኝ። በቁጠባ ረገድ አሠራሩ የሚናቅ አይደለም፤ ባል አይዝግም፣ ምሰሶ አይፈልግም፣ ከመንገድ ስለማይታይም ደንብ አልተላለፍንም። ጉዳቱ ሳሉ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሐኪሟ «ቤትዎ ውስጥ እርጥበት አለ?» ብትለኝ «እርጥበቱ እኔ ነኝ» አልኳት። አልሳቀችም። ደረቴን ደግማ አዳመጠች። ለደረት የሚሆን መድኃኒት ሰጠችኝና ከብርድ ይጠበቁ አለችኝ፤ ብርዱ በየጠዋቱ ታጥቦ እንደሚሰጣብኝ ለማስረዳት አፈርኩ።

ይህን ሁሉ ግን እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላ ነው። አሰፋች ልብስ ስታሰጣ ታወራለች፤ ድሮም ከገመዷ ጋር የምታወራ ሴት ናት። አሁን የምታወራው ስለ እኔ ነው። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ቀረ» ትላለች፣ ሸሚዜን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች። «ሸሚዙ ደርቆ ቢጠብቀው ምናለ። ይርበዋል እኮ። መገርሳ ሲርበው አይናገርም።» ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። አንድ ቀን አላስችለኝ አለና «አሰፋች፣ እኔ ነኝ፣ አለሁ» አልኳት። በድንጋጤ የያዘችውን ሁሉ ለቀቀች። ወደ በሩ አየች፣ ወደ መስኮቱ አየች፤ ድምፄን ፈልጋ ከአልጋው ሥር ሳይቀር አጎንብሳ አየች። ስታጣኝ ጊዜ የወደቀውን ልብስ ለቅማ፣ እያለቀሰች እንደገና አጠበችው። ከዚያ ወዲህ አልመለስኩላትም። ገመድ አይናገርም።

11. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ገመዱ በነበረበት ቦታ፣ ከመታጠፊያው በሚታይበት አኳኋን እንዲመለስልን። «ከኋላ በኩል ይሁን» እንደሚባል እገምታለሁ። ከመንገድ የማይታይ ገመድ ለእንግዳ ይበጃል፤ ለአሰፋች አይበጅም። የገመዱ ሥራ መታየቱ ነው። የውስጥ ልብስ አይሰጣበትም። ሌላውን ጽሕፈት ቤትዎ በመረጠው ቀለምና ቅደም ተከተል አሰጣለሁ፤ ከነብሩ በቀር። ስለ ነብሩ ድርድር የለኝም።

ለ) ፈቃዱ በእኔ ስም ሳይሆን በወይዘሮ አሰፋች ፀሐዩ ስም እንዲሰጥ። መጋዘን ጸሐፊ ሳለሁ በሰው ስም የወጣ ነገር ሰውየው ሲያልፍ እንዴት ተብሎ ተመላሽ እንደሚደረግ በእጄ ስሠራው ኖሬአለሁ። ሐኪሟም ደረቴን ሁለት ጊዜ ነው ያዳመጠችው። እኔ ከወደቅኩ በማግስቱ አቶ ተክሌ ገመዱን «ባለቤቱ የሞተበት» ብለው እንዳያስነሱት ነው። ጎረቤቶቼ ሌንሳና አብርሽ ነብሩን በየጠዋቱ ለማውጣት ተስማምተዋል፤ አብርሽ «ዝናብም ቢሆን አይገባም አይደል ጋሼ?» ብሎ ራሱ ጠይቆኛል።

ሐ) ይህ ከመድኃኒትም ከቁጠባም የሚያልፍ የግል ጉዳይ ስለሆነ በመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ገመዱ ውጭ ከቆመልኝ እኔ ክንዶቼን አወርዳለሁ። ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ፣ እስከ መታጠፊያው ደርሼ እመለሳለሁ፣ በራችንን አንኳኳለሁ። አሰፋች ሸሚዜን አስጥታ ስትጠብቀው የሰነበተችው ሰው በበሩ በኩል ይገባል። «ምነው ዘገየህ?» ብላ ትቆጣኝ። እኔም በአፌ እመልስላት።

ክንዴ ላይ ያለው እስኪደርቅ ተጠብቆ ከተጻፈ የአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

መገርሳ ጂራታ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ተክሌ፣ የሕንፃው ማኅበር ሊቀመንበር